ከበርሜሉ ስር የቀረው ሩዝ

ለታናሽ እህቴ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ቁስልሽ ጠገገልሽ? ማቅለሽለሹስ ተወሽ? እኔ ለወሬ የሚበቃ ሕመም የለብኝም። እዚህ ሐይቁ ዳር ብርዱ ገብቷል፤ ቢዋ ጉም ለብሶ ነው የሚነጋው። ከኦሳካ የላክሽው ደብዳቤ ከደረሰኝ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው። መልሱን ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፤ ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ ጠፍቶኝ ነው።

ከቀዶ ጥገናው ወዲህ የቀመስኩት ሁሉ አፈር አፈር ይለኛል፣ የሚያምረኝ የእማማ ፉናዙሺ፣ ያ ሩዝ ውስጥ የቦካው ዓሣዋ ብቻ ነው ብለሻል። ለመጨረሻ ጊዜ በእጇ ከጠቀጠቀችው በርሜል አንድ ዓሣ ላኪልኝ ብለሻል። ያንን መስመር ስንቴ እንዳነበብኩት አትጠይቂኝ።

መጀመሪያ እዚህ ቤት የሆነውን ልንገርሽ። ኩኒዮ፣ ያ ባሌ ተብዬ፣ የእማማን ጓዳ መቅመሻ ቤት አድርጎታል። በሩ ላይ "ደፋር ብቻ ይግባ!" የሚል ሰሌዳ ሰቅሏል። ቱሪስቱ በአውቶቡስ ይመጣል። እሱ ሆዬ የልብስ መቆንጠጫ ያድላቸዋል፤ አፍንጫቸው ላይ ይሰኩና "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!" ሲል ይጎርሳሉ። ከዚያ ጩኸት፣ ከዚያ ፎቶ፣ ከዚያ እንትፍ! የተፉትን በሶፍት ጠቅልለው ጠረጴዛው ስር ይጥሉታል። የምጠርገው እኔ ነኝ። እህቴ፣ በዓሣ ሽታ መሃል ተወልጄ ያደግሁ ሰው የእነዚያን ምራቅ ስጠርግ ያጥወለውለኛል። ከምራቁም በላይ የሚያንገሸግሸኝ ሳቃቸው ነው።

"ምግብ እኮ ነው፣ መቀለጃ አይደለም" ስለው፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ካልሳቁ ማን ይመጣል? ጨው ጠግቦ ዓመት ሙሉ ሩዝ ውስጥ የተቀበረ ዓሣ ለማን ሊጣፍጥ ነው?" ይለኛል። ዓይኑን በጨው የታጠበ!

ዓሣውም የእኛ አይደለም። እማማ ካለፈች ወዲህ በሐምሌ ወበቅ ቁጭ ብሎ የሚጠቀጥቅ ጠፋ፤ እኔም ሰነፍኩ። ስለዚህ የተዘጋጀ በርሜል ከሌላ መንደር ገዝቶ አመጣ። እማማ አልጋ ይዛ፣ እኛን እንኳ መለየት አቅቷት፣ "ውሃውን ቀየርሽ?" ትለኝ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ክዳኑ ላይ የሚተኛው ውሃ ካልተቀየረ አየር ይገባል፣ ሩዙም ይበላሻል። ይህን የሰፈራችን ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። የእሷን በርሜል ውሃ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳላጓድል ቀይሬያለሁ። ኩኒዮ ግን የእሱን እስኪደርቅ ረሳው።

ባለፈው ወር አንድ እሁድ፣ አርባ ሰው ደጅ ላይ አቁሞ በርሜሉን ቢከፍተው ጥቁር ሻጋታ። ሽታና ግማት ለየቅል ናቸው፤ ያ ግማት ነበር። እንግዶቹ መቆንጠጫቸውን ሰክተው ይስቃሉ። ኩኒዮን ላብ አጠመቀው። "የአሮጊቷ በርሜል አለ አይደል እንዴ?" አለ።

የእማማ በርሜል ተከፈተ።

ምን ልበልሽ! ዓሣው ሆዱን እንቁላል ሞልቶት፣ ሩዙ እንደ እርጎ ነጥቶ። ሽታው ሲመጣ እማማ ራሷ በሩን ከፍታ የገባች መሰለኝ። ኩኒዮ ሩዙን እንደ ቆሻሻ ከላዩ ላይ እየጠረገ ቆራረጠው። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!" እናታችንን በሶፍት ጠቅልለው ጠረጴዛ ስር ጣሏት።

አንዲት ከባሕር ማዶ የመጣች ሽበታም ሴትዮ ብቻ መቆንጠጫውን አልቀበልም አለች። በአስተርጓሚው በኩል "አባቴ አይብ ይሠራ ነበር፤ ከመሽተቱ የተነሳ እናቴ ደጅ አስወጥታ ነበር የምታበላው። እስቲ ይሄ ይብስ እንደሆነ ልየው" አለችኝ። ሳላስበው ሳቅሁ። ማድ ቤት አስገባኋትና ሩዙን ሳላነሳ በስሱ ቆርጬ ከሞቀ የሩዝ መጠጥ፣ ከሳኬ ጋር ሰጠኋት። ጭራውን ደግሞ ትኩስ ሩዝ ላይ አድርጌ፣ ሻይ አፍስሼበት፣ ጨው ቆንጥሬ ከደንኩት። በላች፤ ሳህኑንም አንስታ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጨለጠችው። ከዚያ "ማን ነው የሠራው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"እናቴ" ማለት አቃተኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ "ከገበያ የመጣ ነው" አልኳት። በዕድሜዬ እንደዚያች ሰዓት የቀፈፈኝ ነገር የለም፤ የቀፈፈኝም የገዛ ራሴ ነው።

እህቴ፣ ዓሣ አልተረፈም። በላክሁልሽ ማሰሮ ውስጥ ያለው ከበርሜሉ ውስጥ፣ ከግርጌው ጠርጌ ያወጣሁት ሩዝ ነው። "ዓሣው ለእንግዳ፣ ሩዙ ለቤት ሰው" ትል አልነበር? ስንታመምም የምታቀምሰን ሩዙን ነበር። አንድ ማንኪያ ብቻ ውሰጂ፣ የፈላ ሻይ አፍስሺበት፣ ከድነሽ እስከ መቶ ቁጠሪ። ጎረቤት ሸተተን ቢል መስኮት እንዳትከፍቺ። ይሽተታቸው!

ሰሌዳውን ነቅዬ ማገዶ አድርጌዋለሁ፤ ኩኒዮ ካኮረፈኝ ሳምንት አለፈው። መጪው ሐምሌ ራሴ እጠቀጥቃለሁ፤ አንቺም ድነሽ መጥተሽ ውሃውን ትቀይሪልኛለሽ። የቀመስሽው ይርጋልሽ፣ ጉልበትሽ ይመለስ፣ የእማማ እጅ ከላይሽ አይነሳ።

ይህን ስታነቢ ኩኒዮን እንደምትረግሚው አውቃለሁ። እርገሚው። ግን ወገቡን ከታመመ ሦስት ዓመቱ ነው። የእማማ በርሜል ላይ የሚጫኑትን ድንጋዮች ደግሞ አንድ ሰው ለብቻው እንደማያነሳቸው አንቺ ታውቂያለሽ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ወዲያና ወዲህ ይዘን የምናነሳቸው እኔና አንቺ ነበርን። ያን እሁድ ወዲያኛውን ጫፍ የያዝኩለት እኔ ነኝ።

ታላቅ እህትሽ