በሠራተኛ ጥርስ ላይ ስለወጣው መመሪያ

ለተከበሩ አቶ ዘመንፈስቅዱስ፣
ለክብሩ ሲባል ስሙ ለማይጠቀሰው መሥሪያ ቤታችን ኃላፊ፣
ደብረ ማርቆስ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ለጥርስዎና ለድድዎ ጤንነት ያለኝን ምኞት በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። እኔ በደግነትዎ ባዛወሩኝ ፋይል ክፍል ውስጥ፣ ከአቧራው በቀር፣ ደኅና ነኝ።

ኃላፊነት ሲበዛ ሰው ይረሳልና ምናልባት ካላስታወሱኝ ሥራነሽ እባላለሁ። እስካለፈው ኅዳር ድረስ መስኮት ላይ ተቀምጬ የገበሬውን የይዞታ ጉዳይ የምቀበል እኔ ነበርኩ። አባቴ የዚሁ የጎጃም ሰው ሲሆን፣ እንጀራ ፍለጋ መተሐራ ሸንኮራ አገዳ እርሻ ወርዶ እኔን እዚያ ወለደ። በልጅነቴ የጠጣሁት የጉድጓድ ውኃ ጥርሴን አበለዘው። አብረውኝ የተማሩት ልጆች ሁሉ ጥርሳቸው እንደ እኔው የበለዘ ስለነበር፣ ነውር መሆኑን እርስዎ እስኪነግሩኝ ድረስ ሳላውቅ ኖሬአለሁ። ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

ቅሬታዬን በመሥሪያ ቤታችን ወግ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ስብሰባው። ጥቅምት ላይ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄደው ሲመለሱ፣ ከሥልጠናው ያመጡልን ነገር ባይኖርም ጥርስዎን አንጥተው መምጣትዎን ሁላችንም ከበሩ ጀምሮ አየን። በማግስቱ አዳራሽ ሰበሰቡን፤ ከክልል እንግዶች ስለሚመጡ ባለጉዳይ ፊት የሚቀመጥ ሠራተኛ ሁሉ ጥርሱን እንዲያነጣ አዘዙ። «ማንጣት» ከሚለው ትእዛዝ አንዲት ፊደል ብትለወጥ «ማንጻት» ይሆን ነበር፤ እንዲያ ያለው ሥራ ግን ከላይ መጀመር ስላለበት ለምን እንዳልመረጡት ይገባኛል። ከዚያም ጣትዎን ወደ እኔ ቀስረው፣ «ሥራነሽ፣ አንቺ ስትስቂ ባለጉዳይ ይደነግጣል» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም አፌን ዘግቼ አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ቀን በኋላ እጄን ከንፈሬ ላይ ሳላደርግ ከሰው ጋር ማውራት አቃተኝ፤ ባለጉዳይም «ምን አልሽ? አልሰማሁሽም» እያለ አንገቱን በመስኮቱ ያስገባ ጀመር። የደንበኛ ቅርበት ማለት ይህ ከሆነ ዓላማዎ ተሳክቷል።

2. ስለ ሳይንሳዊ ምክርዎ። የሥራ ባልደረባዬ ሳሊሃ፣ ገበያው ውስጥ ጨርቅ ከሚሸጡ፣ ከምድጃቸው የሻይ በራድ ከማይወርድ ቤተሰብ የወጣች ልጅ፣ በዚያው ስብሰባ እጇን አውጥታ፣ «ሐኪም እየተቆጣጠረው ቤት ውስጥ ቀስ እያሉ የሚያነጡበትም አለ ይባላል፤ እሱ አይሆንም?» ብላ ጠየቀች። እርስዎም ከአንድ የጥርስ ሐኪም በማይጠበቅ ፍጥነት፣ ሐኪም ስላልሆኑ ይመስለኛል፣ «እሱ የሰነፍ ነው! እዚህ አዲስ የተከፈተው ክሊኒክም እንደ አዲስ አበባው በመብራት በአንድ ቁጭታ ይጨርሰዋል፤ እኔን አታዩኝም?» አሉ። አየንዎ።

እኔ ሰነፍ እንዳልባል ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። የተቀበለኝ ሰው እርስዎ እንደላኩኝ ስነግረው ፊቱ በራ፤ ጥርሴ ከምን እንደበለዘ ግን አልጠየቀኝም። አፌን በፕላስቲክ ወጥሮ፣ ድዴን በሚሸፍን ነገር ለቅልቆ፣ ኃይለኛውን መድኃኒት ጥርሴ ላይ ቀብቶ ሰማያዊ መብራት ደቀነብኝ። ጥቂት እንደቆየሁ ጥርሴ ውስጥ እንደ መርፌ የሚወጋ ነገር ተሰማኝ። እጄን ሳወዛውዝ «ቻይው፤ ሊያልቅ ነው» አለኝ። ድዴ ላይ የተለቀለቀው በአንድ በኩል ሳይይዝ ቀርቶ ኖሮ፣ መድኃኒቱ ሾልኮ ድዴን ላጠው።

ስነሣ መስታወት ሰጠኝ። ቡናማው ፈዘዝ ብሏል፤ በየጥርሴ ላይ ግን ከዚህ በፊት የማይታዩ የኖራ ፍንጣሪ የመሰሉ ነጫጭ ነጥቦች ወጥተዋል። «ይስተካከላል» ብሎ ሸኘኝ። በማግስቱ የደብረ ማርቆስ የማለዳ ብርድ በተከፈተ አፌ ገብቶ መንገድ ላይ እንዳስለቀሰኝ ለመመሪያው አፈጻጸም ሪፖርት ይረዳ እንደሆነ እገልጻለሁ።

ቢሮ ስደርስ መጀመሪያ ያገኘሁት እርስዎን ነበር። አገጬን ቀና አድርገው እንደሚገዙት በቅሎ አፌን አዩና፣ «ይሄ ደግሞ ባሰ!» አሉ። እንግዶቹ እስኪሄዱ ድረስ ፋይል ክፍል እንድቀመጥም አዘዙ።

3. ስለ ሳሊሃ ስንፍና። ሳሊሃ ግን ሆስፒታል ሄዳ ዶክተር ሚንሃጅ ለሚባሉ የጥርስ ሐኪም ታየች። እርሳቸው መጀመሪያ የተበላ ጥርስ መኖር አለመኖሩን ፈተሹ፤ እድፉም የሻይ መሆኑን አረጋገጡ። ከዚያ የጥርሷን ልክ ወስደው መድኃኒት ተደርጎበት ጥርስ ላይ የሚጠለቅ ስስ ማቀፊያ አሠሩላት፤ መጠኑ አነስተኛ የሆነ መድኃኒትም ሰጥተው አጠቃቀሙን አሳዩአት። እርሷም ምሽት ምሽት ቤቷ እያደረገች፣ ጥርሷን ሲነዝራት አንድ ቀን እያሳረፈች፣ ሻዩንም በእናቷ ቁጣ መካከል ትታ ሳምንታት ታገሠች። ጥርሷ በጥቂቱ ነጣ፤ አሁንም የራሷ ጥርስ ይመስላል። ይህንንም ጥፋት እርስዎ አላለፉትም። ጠርተው «መመሪያ ጥሰሻል፤ አላነጣሽም» አሏት።

«አንጥቻለሁ እኮ! ማቀፊያውን ላምጣልዎት?» ብትልዎ፣

«እኔ የምፈልገው የሚታይ ለውጥ ነው» ብለው ማስጠንቀቂያ ሰጧት። እኔ የሚታይ ለውጥ በማምጣቴ ከመስኮት ተነሣሁ፤ እርሷ ባለማምጣቷ ተቀጣች። ፍትሕዎ ለሁላችንም ይዳረሳልና ሳናመሰግን አናልፍም።

ሕመሙ አልተወኝ ሲል ሳሊሃ እጄን ይዛ ዶክተር ሚንሃጅ ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ አፌን ረጅም ጊዜ ወስደው አዩና እንዲህ አሉኝ፦ «ክሊኒክ ውስጥ የሚደረገውም ሆነ ቤት ውስጥ የሚደረገው መጥፎ አይደለም፤ አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ይዘገያል ግን ይለዝባል። የሻይና የመሳሰለው እድፍ በሁለቱም ይለቃል። ያንቺ ግን ጥርሱ ሲሠራ ከውስጥ አብሮ የገባ ነው። ቀድሞ ያየሽ ሰው ቢኖር ይህን ይነግርሽ ነበር። ነጥቦቹ ጥቂት ይደበዝዛሉ፤ ካስጠላሽም ሌላ ሕክምና አለ። ካልፈለግሽ ግን ተዪው፤ ጥርስሽ ጤነኛ ነው።»

ጤነኛ ነው ያለኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ባጃጅ ውስጥ እስከ ቤቴ አለቀስኩ። የድዴ ቁስል በሰጡኝ መድኃኒት ዳነ፤ ንዝረቱም ቀስ በቀስ ተወኝ።

4. ስለ እንግዶቹ። እንግዶቹ የመጡ ቀን ከፋይል ክፍሉ በር ጀርባ ሆኜ ሁሉንም ሰምቻለሁ። በእኔ ቦታ ከሌላ ክፍል ያመጧትን ልጅ አስቀምጠው ነበር። በልጅቷ ቅሬታ የለኝም፤ ፈገግታውን እንጂ ሥራውን ያስተማራት የለም። እንግዶቹ ገና እንደገቡ አያ አንለይ፣ በይዞታ ክርክር ከሉማሜ የሚመላለሱት ሽማግሌ፣ መስኮቱ ላይ ደረሱና ጮክ ብለው፣ «ያች ጥርሷ ዳማ የሆነችው ልጅ ወዴት ሄደች?» አሉ።

እርስዎ ፈጥነው ቀረቡ። «አባቴ፣ ይህችም ልጅ ታስተናግድዎታለች።»

«ይህችማ ትስቅልኛለች እንጂ ጉዳዬን መች ታውቃለች!»

ከእንግዶቹ አንዷ ሴት፣ «ማንን ነው የሚፈልጉት?» ብላ ጠየቀች። እርስዎም ያለ አንዳች መንተባተብ፣ «ፈቃድ ላይ ናት» አሉ።

ክቡርነትዎ፣ ፈቃድ ላይ እንዳልነበርኩ ያኔ እጄ ላይ የነበረው የአያ አንለይ ፋይል ምስክሬ ነው። በሩን ከፈትኩ። እጄን ወደ አፌ ልወስድ ስል ሁለቱም እጆቼ ፋይሉን ይዘዋል። «አለሁ አያ አንለይ! የጎረቤትዎ የስምምነት ቃል ገብቷል፤ ማኅተም ብቻ ነው የቀረው» አልኩ። አፌን ሞልቼም ሳቅሁ። ሽማግሌው አልደነገጡም። «ተባረኪ! እኔ ደግሞ ሞተሽ እንደሆን ብዬ» አሉኝ። ሴትዮዋ አንዴ እኔን፣ አንዴ እርስዎን አየች፤ ከዚያ ማስታወሻዋን ከቦርሳዋ አወጣች። ምን እንደጻፈች አላውቅም። እኔ የማውቀው እንግዶቹ መኪና ውስጥ እንደገቡ፣ የሥራ ቦታዬን ያለ ፈቃድ ስለመልቀቄ ከእርስዎ የተሰጠኝን ማስጠንቀቂያና ወደ መስኮቱም አለመመለሴን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ከቢሮዎ መስኮት ሆነው ሳያዩት አልቀሩም። ባለጉዳዩ ሰልፉን ወደ ፋይል ክፍሉ በር አዙሮታል። ወንበር ስለሌለ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል፤ እኔም በአቧራው መካከል ቆሜ አስተናግዳለሁ፤ ማኅተሙን ሳሊሃ ታመላልስልኛለች። ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነው፦ ወይ እኔን ወደ መስኮቱ ይመልሱኝ፣ ወይ መስኮቱን ወደ እኔ ያዛውሩት። መመሪያውን ይሻሩት፤ የሳሊሃን ማስጠንቀቂያ ይቅደዱት። ከእንግዲህም የሠራተኛን አፍ ለማየት ሲያምርዎት፣ ሲናገር ይስሙት።

ለባለጉዳይ ጊዜ አጥተው ለጥርሳችን ጊዜ ላላጡት ክቡርነትዎ ካለኝ፣ በቃላት ሊለካ ከማይችል፣ ቢለካም ብዙ ከማይሆን አክብሮት ጋር፣

ሥራነሽ፣
ከፋይል ክፍል

ግልባጭ፦
ለሳሊሃ፣
ለአያ አንለይ፣ ማንበብ በሚችለው ልጃቸው በኩል፣
ኮሪደሩ ላይ ለተቀመጣችሁ ሁሉ።

ማሳሰቢያ፦ ዶክተር ሚንሃጅ እንደነገሩኝ ከሆነ፣ ማንጫው የተፈጥሮ ጥርስን እንጂ ሰው ሠራሽ ጥርስን አይለውጥም። ከፊት በስተቀኝ ያለችው የተተከለች ጥርስዎ ከአዲስ አበባ ከተመለሱ ጀምሮ በነጮቹ መካከል ብቻዋን ቢጫ ሆና ትታያለች። ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል፤ ፈገግ ባሉ ቁጥር የምናቀረቅረውም ከአክብሮት አልነበረም። እባክዎ አይቆጧት፤ በመሥሪያ ቤታችን መመሪያዎን አልፈጽምም ለማለት የደፈረች እርሷ ብቻ ናት።