መብራት የጠፋበት ጸሎት

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ዛሬም አልተሳካም። ገና ሳይነጋ ተንበረከክሁ። "ጌታ ሆይ፣ ስምህ ይባረክ" አልኩ። ከዚያስ? ከዚያማ አዲስ የመጡት የሕፃናት ካልሲዎች... ነጮቹን ከፊት ልስቀላቸው ወይስ ሮዞቹን? "አሜን" ስል በሐሳቤ ሱቁን ደርድሬ ጨርሻለሁ። ጌታን ግን መቼ አናገርኩት?

ለአዲስ ዓመት የገባሁት ቃል ይኸው ነበር፤ ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት፣ ሐሳቤ ሳይበተን ከጌታ ጋር መሆን። አንድ ጠዋት እንኳ ይሳካልኝ!

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ከጎኔ ጫማ የምትሸጠው ሙንተሃ እንደ ሁልጊዜው "ሱቄን እያየሽልኝ" ብላ ልትሰግድ ወደ ጓዳ ገባች። ደንበኛው "ባለቤቱ የለም እንዴ!" እያለ ሲጮህ ንቅንቅ አላለችም። ቀናሁባት። ስትወጣ ያዝኳት።

"ሐሳብሽ አይሄድም?"

"ይሄዳል እንጂ! ምን፣ መልአክ ነኝ?"

"ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ?"

"እመልሰዋለኋ! ያንቺ ግን የት ነው የሚሄደው?" ዓይን ዓይኔን አየችኝ። "ቆይ ቆይ... ስሙ ማነው?"

ካልሲ ነው አልኳት። አላመነችኝም።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

የኳየር ልምምድ ነበር። መሪያችን ወንድም በርናባስ "የጥቅምት ሃያ ሦስቱን ፕሮግራም ሶሎ ኢየሩስ ትያዘው" አለ። እኔን! ስንት ዓመት ከኋላ መስመር ስቆም ኖሬ! ዘልዬ ልጮህ ነበር፤ የሰው ፊት ሆኖብኝ ዋጥኩት።

ኪቦርድ የሚጫወተው ፊልሞን ቀና ብሎ "በየትኛው ኪይ ልጫወትልሽ፣ ከፍ ላድርገው ዝቅ?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። አዎ?! አዎ ምን ማለት ነው? ደግሞ አልሳቀብኝም፤ "እሺ፣ እንፈልገዋለን" አለ። ሰማያዊ ሸሚዝ ነበር የለበሰው... ይህን ለምን እጽፋለሁ?

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ካልሲዎቹ ከጸሎቴ ወጥተዋል። ሸሚዙ ገብቷል።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ቤት ውስጥ እምቢ ስላለኝ ጠዋት በጉዱማሌ መናፈሻ በኩል እየተራመድኩ ልጸልይ ወጣሁ። ነፋሱ፣ ዛፉ፣ ወፉ... ሁሉም ኪቦርድ ይጫወታል!

ቀልዱ ይቅርና፣ አንድ ነገር ልቤን እየበላው ነው። ያን ሶሎ የምዘምረው ለማን ነው? ለጌታ ወይስ እሱ እንዲሰማኝ? ለእሱ ከሆነ ባልዘምር ይሻላል። እውነቴን ነው።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ!

ከልምምድ በኋላ እንደተለመደው ጸሎት ሆነ። እኛ ጋ ሁሉም በአንድ ላይ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚጸልየው። በርናባስ በማይክ ይመራል፤ ፊልሞን ከሥር ከሥር ኪቦርዱን ይነካካል። በዚያ ሁሉ ድምፅ መሃል ማን ማንን ይሰማል? ስለዚህ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እጄን ዘርግቼ፣ የልቤን በሙሉ ድምፄ ለቀቅሁት።

መብራት ጠፋ። ማይኩ ዝም... ኪቦርዱ ዝም... ሰዉም ደንግጦ ዝም። እኔ ብቻ፦

"ጌታ ሆይ፣ ፊልሞንን ከጭንቅላቴ አውጣልኝ! ሰማያዊ ሸሚዙንም አብረህ!"

ጥበቃው ጋሽ ታደሰ ከበሩ ላይ እንደ ልማዳቸው "አሜን!" አሉ።

ዓይኔን ገለጥኩ። በጠራራ ፀሐይ! መብራት ከጠፋ አይቀር ማታ ቢጠፋ ምናለበት? ፊልሞን ጣቶቹን ኪቦርዱ ላይ እንደዘረጋ ደርቆ ቀርቷል፤ ጆሮው ቲማቲም መስሏል። ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ። ግማሽ መንገድ ላይ "አሜን" ያሉት ትዝ ሲለኝ ሳቅ ያዘኝ። ሹፌሩ በመስታወቱ ያየኝና ፍጥነቱን ይጨምራል...

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። አሞኝ ነው። (ምንም አላመመኝም።)

ለበርናባስ "ሶሎውን ለሌላ ስጥ" ብዬ መልእክት ጻፍኩ። ግን አልላክሁትም። ነገ እልከዋለሁ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

እትዬ ብዙነሽ ሱቅ ድረስ መጡ። የኳየሩ እናት የምንላቸው እሳቸው ናቸው፤ ከማናችንም ቀድመው ይመጣሉ፣ ከማናችንም በላይ ይጸልያሉ።

"ለልጅ ልጄ ካልሲ ፈልጌ ነው" አሉ። የልጅ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ነው የሚማረው!

"እትዬ፣ ከእንግዲህ እዚያ ሰው ፊት አልቆምም። ሁላችሁም ሰማችሁኝ እኮ!"

"ሰማን።" በርጩማዋ ላይ ተቀመጡ። "እኔ ያን ጊዜ ምን ላይ እንደነበርኩ ታውቂያለሽ? አፌ ሃሌሉያ ይላል፣ ልቤ ከምራቴ ጋር ይሟገታል። ምን ብዬ አፏን እንደማስይዛት እያሰብኩ ነበር። መብራት ጠፍቶ የኔ ልብ ተሰምቶ ቢሆን፣ ሐዋሳን ለቅቄ እጠፋ ነበር!"

"እርስዎ?!"

"እኔ! አንቺማ ቢያንስ ለጌታ ነገርሽው። እኔ መች ነገርኩት?" እጄን ያዙኝ። "ሐሳብሽን በዱላ አታባሪው፣ ልጄ። የሄደበት ድረስ ተከተይውና ይዘሽው ለጌታ አሳዪው። 'አባቴ፣ ደግሞ ይኸው እዚህ ገባሁልህ' በይው። እሱ ስለ ካልሲም ይሰማል።"

ስለ ካልሲው ማን ነገራቸው? ሙንተሃ! ሁለቱ መቼ እንደተዋወቁ እንጃ...

ሮዙን ካልሲ ገዝተው ሄዱ። ምስኪን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ!

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ዛሬ... እንዴት ልጻፈው?

ተንበረከክሁ። ካልሲ መጣ። አላባረርኩትም፤ ስለ ካልሲው ለጌታ ነገርኩት። ዝናብ ያበላሸብኝ ካርቶን መጣ፤ ነገርኩት። የእማዬ ጉልበት መጣ፤ እሱንም። ፊልሞን መጣ፣ ከነሸሚዙ። "ጌታ ሆይ፣ ይኸው ይህ ልጅ ደግሞ። ደስ ይለኛል። አንተ ታውቃለህ" አልኩት። ከዚያ የምለው አለቀ። ዝም ብዬ አብሬው ነበርኩ። ደስታው ሆዴን እንደ ልጅ ኮረኮረኝ፤ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ተንበርክኬ!

ሙንተሃ ደውላ "ዛሬ አትከፍቺም እንዴ? ሰው በርሽ ላይ ቆሟል!" እስክትለኝ ድረስ እዚያው ነበርኩ።

ለበርናባስ የጻፍኩትን አጠፋሁት።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ልምምድ ሄድኩ። በርናባስ እንዳይስቅ ከንፈሩን ነክሶ ጣራ ጣራ ያያል። ጋሽ ታደሰ በር ላይ "አሜን፣ ልጄ!" ብለው ጨበጡኝ። እሳቸው ከምራቸው ነው።

ፊልሞን ነጭ ሸሚዝ ለብሷል።

"ግማሹ ጸሎትሽ ተመልሷል" አለ ቀስ ብሎ፣ ኪቦርዱን እያየ።

ወይኔ ጉዴ! ሳቅ አፈነኝ፤ የመጀመሪያውን መስመር መዝፈን አቃተኝ... መዘመር! መዘመር ልል ነው።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

አዳራሹ ጢም ብሏል። ማይኩን ስይዝ ሐሳቤ ወዲያው በኪቦርዱ በኩል ሊሾልክ ሲል፣ "አባቴ፣ ደግሞ ይኸው" አልኩት በልቤ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጀመርኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ሕዝቡ አብሮኝ ሲዘምር ትዝ ይለኛል፤ ማጨብጨቡ፣ ማልቀሴ... ሌላ ምንም። ስጨርስ በርናባስ ዓይኑን እየጠረገ መጣ።

"መብራት ሲጠፋ አለመደንገጥሽ!"

"የቱ መብራት?"

"ከሁለተኛው ስንኝ ጀምሮ እኮ መብራት የለም! ጀነሬተሩም ቤንዚን አልቆበት ነበር። የሞተ ማይክ ነው ይዘሽ የቆየሽው!"

እውነቱን ነበር። አምፖሎቹ ሁሉ ጠፍተዋል። እኔ መች አወቅሁ? ፊልሞን እጆቹን ኪሱ ከቶ ግድግዳ ተደግፏል። እኔ ያለ ኪቦርድ ዘምሬ ጨረስኩ፤ መቅረቱንም አላወቅሁም! እትዬ ብዙነሽ ከፊት ወንበር እልል አሉ። እኔም አልኩ፤ ማን ይከለክለኛል?

ከፕሮግራም በኋላ ኳየሩ ሁሉ አሳ ልንበላ ሐይቅ ዳር ሄድን። ፊልሞን አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ሎሚውን ጨምቆ ሰጠኝ።

"ከጭንቅላትሽ ወጣሁ ማለት ነው?"

"ስዘምር ወጥተህ ነበር" አልኩት።

"አሁንስ?"

አሳ በላሁ። ብዙ አሳ በላሁ። ሐይቁን አየሁ። እሱ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ጆሮው ደግሞ ቲማቲም ሆነ።

ጌታ ሆይ፣ ስለ ዛሬው ተመስገን። ያቺ የቀረችዋ ግማሽ ጸሎቴ ግን... እስቲ ለጊዜው አቆያት።