መነጽሬን ረስቼ አላውቅም

ዛሬ ማክሰኞ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም. በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከቤቴል ዝቅ ብሎ በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ፣ እኔ መሸሻ ወልደሰንበት፣ ዕድሜዬ ሰማንያ አንድ፣ ጉልበቴና ሳንባዬ ቢከዱኝም አእምሮዬ ያልከዳኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ይህን ቃሌን ሰጥቻለሁ። እኔ እናገራለሁ፤ የደብራችን በር ጠባቂ ሀብተማርያም ይጽፋል። ከአፌ የወጣውም፣ በቤቱ የተባለውም አንድ ሳይቀር እንዲጻፍ አዝዣለሁ።

ቤቱን ለልጄ ለናዝራዊት አውርሻለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ደግፋ አንሥታኛለች፤ ምላሷ ቢሰልም ሾርባዋ ትኩስ ነው። ጋቢዬና ጃንጥላዬ ለማሙሽ ይሁኑ። ማሙሽ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከወጣ ወዲህ አባቱ አይታየውም፤ ስለዚህ መነጽሬንም ጨምሬለታለሁ።

መነጽሩን በሚመለከት ግን እውነቱ ይታወቅ፤ ባዶ መስታወት ነው። ዐይኔ ጤነኛ ነው። ከዚህ አልጋ ላይ ሆኜ ኢብራር ሱቅ ጣሪያ ላይ ያረፈች ርግብ አታመልጠኝም። ፊደል የሚባል ግን አልቆጠርኩም። ሠላሳ ዓመት ከምእመናኑ ሁሉ ፊት ቆሜ ዳዊት ስገልጥ የኖርኩት ከጎኔ ያለውን ሰው እያየሁ ነው። እሱ ሲገልጥ እገልጣለሁ፤ አፍንጫውን ሊጠርግ ሲያቆም እኔም አቆማለሁ።

«ጋሽ መሸሻ፣ ይኼ እንኳ ይቅር፤ ልጆችዎ ያነቡታል» አለኝ ሀብተማርያም ብዕሩን አንሥቶ።

«ጻፍ! ሌላ ጸሐፊ ካስጠራኸኝ እንደገና ልናገረው ነው፤ ሁለተኛ ስናገረው ደግሞ አሳምሬ እዋሻለሁ።»

ጻፈ።

ንስሐ አባቴ ፊትም ያው ነበርኩ። በየዓቢይ ጾሙ እየሄድኩ የማሙሽን ስንፍና፣ የሟች ባለቤቴን ንዝንዝ፣ የጎረቤቴን የሸዋገነትን ሐሜት ተናዝዣለሁ። የራሴ ትዝ ያለኝ አልነበረም።

«የእኔን ሐሜት? አንተ ሰውዬ!» አለች ሸዋገነት፣ ለምስክርነት ከተቀመጠችበት።

«ሰገድኩልሽ እኮ! አርባ ስግደት!»

ከሁሉ የከፋው በዚህ በሚጽፈው ሰው ላይ የሠራሁት ነው። ሀብተማርያም በሩ ሥር አንገቱን ደፍቶ «ማረኝ» ብቻ ይላል። እኔ በአጠገቡ ሳልፍ እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ «ጌታዬ፣ እንደዚህ ቃል ያጠረው ሰው ስላላደረግኸኝ ተመስገን» እል ነበር። የዛሬ ዐሥራ ሁለት ዓመት በሸዋገነት ቤት የጽዋ ማኅበር ላይ «ጋሽ መሸሻ ዳዊት ይድገሙልን» ተባልኩ። «መነጽሬን ረስቻለሁ» አልኩ። መነጽሩ አፍንጫዬ ላይ ነበር። ሰዉ ሁሉ አፍንጫዬን ተመለከተ። ያን ጊዜ ሀብተማርያም ተነሥቶ «የማንበቢያውን ማለታቸው ነው፤ ይኼ ለመንገድ የሚያደርጉት ነው» አለና ዳዊቱን ከእጄ ተቀብሎ እንደ ውኃ አወረደው። ለካ ልጅነቱን በቆሎ ተማሪነት የጨረሰ ሰው ኖሯል! በሕይወቱ የዋሸው ያችን ብቻ ይመስለኛል፤ እሷንም ለእኔ ብሎ ነው። እኔ ግን በምስጋና ፈንታ «ድምፅህ ይሻክራል» አልኩት።

ስለዚህ ማሙሽ የጎመጀለት ዳዊቴ ለሀብተማርያም ይሰጥ። አዲስ ነው፤ ከዚያች ቀን በቀር ማንም አላነበበውም። ይቅርታም እጠይቀዋለሁ። ይቅር ካላለኝ ግን ለአምላኬ የምለው የለኝም፤ ወረቀቱም ይቀደድ።

«ያን ዕለቱኑ ይቅር ብያለሁ» አለ ሀብተማርያም።

«ታዲያ ዐሥራ ሁለት ዓመት ምነው ዝም አልከኝ?»

«አልጠየቁኝማ።»

«እንግዲያው፣ በኮልፌ እንደ መሸሻ ራሱን ዝቅ አድርጎ ንስሐ የገባ ሰው የለም ብለህ ጨምርበት» አልኩት።

«ይኼን ከጨመርኩ ከላይ ያለውን ሁሉ መሰረዜ ነው።»

ናዝራዊት ከጓዳ ሳቀች። «ይቅር» አልኩ። ቤቱን ከመስጠት ይልቅ ይኼን መተው ከብዶኛል።

የተጻፈው ሁሉ አራቱ ምስክሮች ባሉበት ተነብቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጫለሁ። ፊርማ እያልኩ ስጭረው የኖርኩትን ትቼ ዛሬ በሁሉም ፊት የአውራ ጣቴን አሻራ አኑሬያለሁ።

ምስክሮች፦ ወ/ሮ ሸዋገነት ደምሴ፣ አቶ ኢብራር ሸምሱ፣ ወ/ሮ አበበች ጉርሙ፣ አቶ ገብረወልድ ላቀው።

ጸሐፊ፦ ሀብተማርያም አየለ። ተናዛዡ አሻራቸውን ካኖሩ በኋላ አንገታቸውን ደፍተው «ማረኝ» ብለዋል። ሌላ የሚጨምሩት እንዳለ ብጠይቃቸው «ቃል አጠረኝ» ብለዋል።