የጋሼ በቀለ ልጆች

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ሱቁን ለሐጂ አደራ ብዬ ወጣሁ። ጎረቤቴ ናቸው፤ እሳቸው ጨርቅ፣ እኔ ክርና ቁልፍ። ከሲኒማ ራስ እስከ አማኑኤል በእግር። የታክሲው ሰልፍ አይጣል ነው።

ሜሮን የሕፃናት ማሳደጊያው በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ዘጠኝ ዓመቷ። ወላጆቿ አይታወቁም። የት/ቤቷንና የልብሷን ወጪ የምችለው እኔ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አያታለሁ። ዛሬ የተደባለቀ ቁልፍ ወስጄላት በየቀለሙ ስትለይ ዋለች። እኔም በሷ ዕድሜ አባዬ ሱቅ፣ ከስፌት መኪናው ሥር ቁጭ ብዬ ይኸው ነበር ሥራዬ። ያኔ ቅዳሜ ማለት ቦምቦሊኖ ማለት ነበር። አባዬ ጣቶቹን በቁራጭ ጨርቅ ጠርጎ ለሁለት ይቆርሰዋል፤ ትልቁ የኔ። ያ ሱቅ ፈርሶ ፎቅ ሆኗል። የማሽን ዘይት ሲሸተኝ ግን ዛሬም ሆዴ ይባባል።

ልወጣ ስል ኃላፊዋ ጠራችኝ። ማሳደጊያው ከአ.አ. ሊወጣ ነው፣ ሩቅ። የሚያሳድገው ሰው ያገኘ ልጅ ብቻ እዚህ ይቀራል። ይህን ብላ አየችኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ገበያ ቀዝቅዟል። እኔም።

ቅዳሜ ሄዶ ስሞ መመለስና ከሰኞ እስከ ሰኞ ማሳደግ አንድ አይደለም። ብቻዬን መኖር የለመድኩ ሰው ነኝ። ብታመምስ? ብትሰለቸኝስ? እሷስ ብትጠላኝ? ፈርቻለሁ፣ ማስታወሻዬ። ላንቺ ካልነገርኩ ለማን ልናገር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

እወስዳታለሁ! ለኃላፊዋ ደወልኩ።

ሐጂ ዱዓ አደረጉልኝ። ስሟን ወደ አባቴ ስም አዞራለሁ አልኳቸው። አሁን ሜሮን በቀለ ነው የምትባለው። በቀለ የማሳደጊያው ዘበኛ ናቸው፤ አባቱ ያልታወቀ ሕፃን ሁሉ በሳቸው ስም ይመዘገባል። ሐጂ ሳቁብኝ።

«አንቺ አስናቀች ወልዴ፣ እሷ ሜሮን ወልዴ! ልጅ ነው የምታመጪው ወይስ እህት?»

አላሰብኩትም ነበር። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ከፋኝ። የእናት ስም የሚገባበት ቦታ የለም። ቢሆንም ወልዴ ትባል። አባዬ ከኔ በቀር ልጅ የለውም፤ ስሙ ከኔ ጋር እንዲቀር አልፈልግም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ነገርኳት። «አልጋዬ የት ነው?» አለች። ከኔ አጠገብ አልኳት። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

የስሙን ነገር አነሳሁ። ስለ አባዬ አወራኋት፦ ስለ መቀሱ፣ ስለ ፉጨቱ፣ ደንበኛ ሲቆጣ እየሳቀ ስለሚመልሰው። ደህና አድርጋ ሰማችኝ። ከዚያ ወደ ግቢው ዞረች። ኳስ ከሚራገጡት ልጆች ብዙዎቹ በቀለ ናቸው።

«እትዬ፣ ወልዴ ከሆንኩ እነሳሚ ወንድሞቼ መሆናቸው ይቀራል?»

እነሳሚ ሩቅ ሊሄዱ ነው። ከነሱ የሚቀራት ይኸው ስም ነው።

መንገዱን ሁሉ እያለቀስኩ ተመለስኩ። አባዬ፣ ይቅር በለኝ።

እሁድ፣ ጥቅምት 16

ጋሼ በቀለ ዘንድ ሄድኩ። ከማሳደጊያው ጋር አይሄዱም፤ ዕድሜ ገፍቷል፣ ጡረታ ሊወጡ ነው። እንዳዩኝ ተነሱ። ወሬው ደርሷቸዋል። ስሙ እንዲያው ለወረቀት ያህል ነው፣ ቅር አይለኝም፣ ይቀየር አሉ። ቅር እንዳላቸው ፊታቸው ያሳብቃል።

አይቀየርም አልኳቸው። ሜሮን በቀለ እንደሆነች ትመጣለች። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

እሁድ እሁድ ምሳ እኛ ቤት እንዲመጡ ለመንኳቸው። ሰው ቤት ምን ብዬ እመጣለሁ አሉኝ።

የሜሮን አባት ነኝ ይበሉ አልኳቸው።