ሁለተኛው ብቻውን ይበቃል

ውድ እትዬ፣

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። ስልክ ላይ ግን «በልተሻል?» ብለሽ ትጀምሪና የኔ ወሬ እዚያው ይቀራል። ወረቀት አይቋረጥም፤ ስለዚህ የስፌት መኪናውን አቁሚና እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

የዛሬ ስድስት ዓመት ለሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተና ስዘጋጅ ትዝ ይልሻል? አንቺ ከመኪናሽ ጋር በመስኮቱ በኩል፣ እኔ ከመጽሐፌ ጋር በበሩ በኩል፣ መሀላችን የጨርቅ ቁርጥራጭ። አንድ ጊዜ ወድቄ ነበር። የጣለኝም ያ «መረጃው ይበቃል ወይ?» የሚባለው የሒሳብ ክፍል ነው። ጥያቄ ይሰጡሽና ከሥሩ ሁለት ፍንጭ ያስቀምጡልሻል፤ መልሱን ግን አይፈልጉትም። የሚፈልጉት አንደኛው ፍንጭ ብቻውን ይበቃ እንደሆነ፣ ወይ ሁለተኛው ብቻውን፣ ወይ ሁለቱ ተጋግዘው፣ ወይ ጭራሽ አይበቁ እንደሆነ ነው። እኔ ደግሞ ቁጥሩን አንጥሬ ካላወጣሁ እረፍት የለኝም። ወረቀቱን በስሌት ሳጠቁር ሰዓቱ ያልቅብኛል።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ስነጫነጭ ሰማሽና መጽሐፉን አስቀረብሽኝ። እኔ እንድማር ብለሽ ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጥሽው አንቺ።

«እስቲ አንብቢልኝ» አልሽ።

«ፒ ብቸኛ ቁጥር ነው። ማለት ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። ፒ ስንት ነው? አንደኛ፣ ፒ ከአሥር ያንሳል። ሁለተኛ፣ ፒ ተጋማሽ ነው።»

«እሺ?»

«ከአሥር በታች ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት አሉ። ከነሱ ተጋማሹ ሁለት ነው። ስለዚህ ሁለቱም ፍንጮች ያስፈልጋሉ» አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

መዳፍሽን በአንደኛው ፍንጭ ላይ ጫንሽበት። ልብስ ስትለኪ ነበርና እጅሽ ሰማያዊ የጠመኔ ብናኝ ነበረው።

«አሁንስ?»

«አሁን... ተጋማሽ የሆነ ብቸኛ ቁጥር... ሁለት።»

«ሌላ የለም? መቶ ውስጥ? ሺህ ውስጥ?»

«የለም። ሌላው ተጋማሽ ሁሉ ለሁለት ይካፈላል።»

«ታዲያ ይሄኛው ምን ሠራልሽ? ሁለተኛውን ስታነቢ አንደኛውን ተሸክመሽ ነው የምትሄጂው። አውርጂው! ደግሞስ ማን መልስ ጠየቀሽ? ደንበኛ ጨርቅ ይዞ ሲመጣ ይበቃው እንደሆነ ለማወቅ ቀሚሱን ሰፍቼ አላይም እኮ። እለካለሁ፣ ይበቃል ወይ አይበቃም እላለሁ፣ አለቀ።»

ያለፍኩት በዚያ መዳፍ ነው። ፈተናው ላይ እያንዳንዱን ጥያቄ በእጄ ስሸፍን ፈታኙ የደበቅኩት ነገር ያለ መስሎት ሁለት ጊዜ እጄን አስገልብጦኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ከቤታችን ሥር ሱቅ ያለው ኤሌክትሪሺያን፣ አንቺ ራስሽ «ፊውዝ» ብለሽ ስም ያወጣሽለት ሰው፣ በዚያው ዓመት አንድ ሱሪ ለሦስተኛ ጊዜ ሊያሳጥር መጣ። «ወንድሜ፣ ከዚህ በኋላ ቁምጣ ነው» አልሽው። ሳቀ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንድታገቢው ጠየቀሽ። «ታናሼን ለቁም ነገር ሳላበቃ አይሆንም» ብለሽ መለስሽው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። እውነቱን ልንገርሽ፦ ደስ አለኝ። ደረጃውን ሲወርድ ኮቴውን እየሰማሁ እፎይ አልኩ። እስከ ዛሬ አፍሬበት ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። ይቅር በዪኝ።

ባለፈው ወር ልጠይቅሽ ስመጣ እዚያው መጋረጃ ጀርባ ጋደም ብዬ ነበር። ፊውዝ መጥቶ ሌላ ከተማ ሥራ እንዳገኘ፣ በዚህ ወር መጨረሻ ሱቁን እንደሚዘጋ ነገረሽ። አብረሽው እንድትሄጂም ለመነሽ። አንቺም «እሷ ገና ልጅ ናት፣ መመለሻ ቤት ያስፈልጋታል» አልሽው።

እትዬ፣ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው! ሠላሳ አንድም ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ልጅ ግን አይደለም። ሥራ አለኝ፣ ቁልፉ በኪሴ ያለ ቤት አለኝ፣ ሩዝም ሳላሳርር እቀቅላለሁ፤ አንዳንዴ። አንቺ ግን እሱ ከወጣ በኋላ የደንበኛ ሸሚዝ እጅጌ ገልብጠሽ ሰፋሽ። ሰፍተሽም ሳታዪው ተኮስሽው። በሃያ ዓመት ሥራሽ እጅጌ ስትገለብጪ አይቼሽ አላውቅም። ማታ አውቶቡስ ውስጥ አለቀስኩ።

ከደብዳቤው ጋር ከመጽሐፌ የቀደድኩትን ያንን ገጽ ታገኛለሽ። የመዳፍሽ ሰማያዊ ምልክት ደብዘዝ ቢልም አልጠፋም። የድሮዎቹን ፍንጮች ሰርዤ በላያቸው አዳዲሶች ጽፌያለሁ። ጥያቄው፦ እትዬ አብራው ትሂድ ወይ? አንደኛ፣ ታናሽ እህት አላት። ሁለተኛ፣ ትወደዋለች።

መዳፍሽን እዚያው ምልክቱ ላይ መልሺው። ከሥሩ ያለሁት እኔ ነኝ፤ አይከብደኝም። ሁለተኛውን ብቻውን አንብቢውና ይበቃ እንደሆነ ለኔ አትንገሪኝ። ደረጃውን ወርደሽ ለሱ ንገሪው።

ለቁም ነገር ያበቃሻት፣
ታናሽሽ