ያሰረኝ አፍ

ሰኞ፣ ሰኔ 2
ከንፈሬ ተሰንጥቋል። አባባ ናቸው፣ በመቋሚያቸው። ጥፋቴ ጥምጥማቸውን ከራሳቸው ላይ ማንሳቴ ነው። ስንት ዘመን የቀደሱ ቄስ፣ እኔን አንድ ቀን ገርፈው የማያውቁ፣ ደሜን እያዩ ደግመው ሰነዘሩ። ያውም በግራ እጃቸው፤ ቀኙ ዝሏል።

ሲስተር ሕይወት አልደነገጠችም። በንግግር ሕክምና የሠለጠነች ነርስ ናት፤ እናቷን ልትጠይቅ መካነ ኢየሱስ ከተማ ስትመጣ ለምኜ አመጣኋት። ትንሽ ሣጥን አላት። ሁለት እርጥብ ስፖንጅ ራስ ላይ ታስርና ደካማ ኤሌክትሪክ ትለቃለች፤ በዚያው መሀል ሥዕል እያሳየች ስም ታስጠራለች። "ሣጥኑ ብቻውን ምንም አያደርግም፤ ገና እየተሞከረ ነው" አለችኝ። ስላልዋሸችኝ ወደድኳት።

ሚያዝያ ላይ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ አባባ የቀራቸው አንድ ቃል ነው፦ "ውግዝ"። ውሃ ሲጠይቁም "ውግዝ"፣ ሲያመሰግኑም "ውግዝ"። ሰው ፈርቶ መምጣት ትቷል።

ማክሰኞ
ጥምጥማቸውን ራሳቸው ፈቱት፤ እኔ ዞሬ ቆምኩ። በግ? ውግዝ። ወንበር? ውግዝ። ውሃ ላይ "ው..." ብለው ቆሙና ብርጭቆውን ግድግዳው ላይ ከሰከሱት።

ከሰዓት ጎረቤታችን አለምነው መጣ። በዐቢይ ጾም የመበለቷን የእትዬ አያልነሽን የድንበር ድንጋይ ገፋና አባባ አወገዙት፦ እስኪመልስ ማንም አብሮት አይብላ፣ አይረስ። መሬቱን ከመለስኩ ወር አለፈኝ ይላል። ገብስ መዝሪያው እያለፈ ነው፤ ወንፈል ገብቶ የሚያግዘው ሰው የለም።

እግራቸው ላይ ወደቀ። "አባቴ፣ ይፍቱኝ።"
"ውግዝ።"
ተነሥቶ በሩን በእርግጫ አለው፤ ማጠፊያው ተነቀለ። "ሌላው ቄስ እንቢ ብሎኛል። ያሰረኝ አፍ ይፍታኝ።"

ሐሙስ
ሕይወት "ይፍታህ" የሚለውን ከልምምዱ ቃላት ጨመረችው። ገና ስትጠራው አባባ ገፈተሯት፤ የሣጥኑ ሽቦ ተበጠሰ። በጥርሷ ልጣ ቀጠለችው። ደግማ ስትጠራው የእኔን እጅ ነከሱ። እውነቱን ልጻፍ፦ ያኔውኑ በሞቱ ብዬ ተመኘሁ። አፈርኩ፣ ግን ተመኝቻለሁ።

አለምነው መጥረቢያ ይዞ መጥቶ ምሰሶው ላይ ሰካው። "እስከ እሁድ ካልፈቱኝ እሳቸውንም አንቺንም እጨርሳለሁ።" መጥረቢያውን ነቅሎ ሄደ።

ቅዳሜ
ሥዕሉ የበግ ነበር። አባባ አላዩትም። የአንገታቸው ሥር ተገታትሮ "ድን..." አሉ። "ድን... ጋይ።"

ሕይወት አጨበጨበች። እኔ ግን ሥዕሎቹን አገላበጥኩ። የድንጋይ ሥዕል የለንም። ወደ እትዬ አያልነሽ ማሳ ሮጥኩ። የድንበሩ ድንጋይ ከላይ በኩል ተመልሷል፤ ከታች በኩል እንደተገፋ ነው።

"ግማሹን ነው የመለሰልኝ" አሉኝ እትዬ አያልነሽ። "ከተነፈስሽ ቤትሽን አነደዋለሁ አለኝ። አባትሽን ልጠይቅ የመጣሁ ዕለት በጆሯቸው ነግሬያቸዋለሁ።"

ሁላችንም አይችሉም ስንል፣ እሳቸው እንቢ ማለታቸው ነበር።

እሁድ
ከቅዳሴ መልስ አለምነው መጥረቢያውን ይዞ ደረሰ። "የታችኛውን ድንጋይ መልስ" አልኩት። በጥፊ አጮለኝ፤ ወደቅሁ። አባባ ከሚያዝያ ወዲህ ያለ ደጋፊ ቆመው አያውቁም። ቆሙ። መቋሚያውን ግንባሩ ላይ ሰበሩበት።
"ድንጋይ" አሉት።

ደሙን ሳይጠርግ ቆሞ አያቸው። ከዚያ መጥረቢያውን ጥሎ ወጣ። ከሰዓት እትዬ አያልነሽን አስከትሎ ተመለሰ፤ እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ነው። "መልሷል፣ አይቻለሁ" አሉ እትዬ አያልነሽ። ተንበረከከ። አባባ መስቀላቸውን በግራ እጃቸው አነሡ። ከንፈራቸው ብዙ ተንቀጠቀጠ፤ ሽንቴ ሊያመልጠኝ ነበር።
"ይ... ፍታህ።"

አለምነው መሬቱ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ሣጥኑ ይሁን ልምምዱ፣ ወይስ ንዴቱ፣ ሕይወትም አላወቀችም። ነገ ሣጥኗን ይዛ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ሥዕሎቹን ትታልኛለች።

አሁን ውሃ ሰጠኋቸው። ጠጡና ያበጠ ጉንጬን ዳበሱኝ። "ውግዝ" አሉኝ።

አሜን አልኳቸው።