ባትሪ ማስነሳትን ለከለከሉት ሊቀመንበር

ለተከበሩ አቶ ግሌን ኦስትሮም፣
የአፓርታማችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፣
ዊኒፔግ፣ ካናዳ።

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደምን ነው እላለሁ። በተለይ ጣቶችዎ። ዛሬ ጠዋት ከመኪናዎ አጠገብ ቆመው ሲያሿቸው በመስኮት አይቼ እጅግ አሳስቦኛል። ይህን ደብዳቤ በየጎረቤቱ በር ሥር ስለማስገባው ሌሎችም አብረውኝ እንደሚጨነቁልዎ አልጠራጠርም።

አንደኛ፣ ስለ ሶኬቶቹ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። በዚህ ከተማ በበረዶ ወራት መኪናው በብርድ እንዳይደርቅ የሞተሩን ማሞቂያ ሶኬት ላይ ሳይሰኩ መተኛት ሕፃንን ሳያለብሱ እንደ ማስተኛት ነው ብለው ያሳደጉን እናቶቻችን ተሳስተው ኖረዋል። እርስዎ የጋራ መብራት ለመቆጠብ ብለው ሌሊት ሌሊት የመኪና ማቆሚያውን ሶኬቶች በሙሉ ሲያጠፉልን ይህ ገባን። ከዚያ ወዲህ ባትሪዬ በየጊዜው ይሞታል። አዲስ ገዛሁ፤ እሱም ሞተ። አቤት ስልዎ «ኦረስት፣ ችግሩ ከአያያዝህ ነው» ብለው መከሩኝ። አቅፌው መተኛት እንደነበረብኝ አላወቅኩም።

ሁለተኛ፣ እዚህ አገር መኪናው አልነሳ ያለውን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። የተጣላ ሰው እንኳ ኬብሉን አውጥቶ፣ ባትሪ ከባትሪ አገናኝቶ ያስነሳና ወደ ጠቡ ይመለሳል። ይህን ኋላ ቀር ልማድ የሻሩልን እርስዎ ነዎት። አንድ ጎረቤት ኬብል ሲዘረጋ የመኪናዎን ኮፈን ቀለም ቢጭረው፣ በግቢው ውስጥ መኪናን በመኪና ማስነሳት ክልክል መሆኑን በትልልቅ ፊደል ለጠፉልን።

ሦስተኛው ላይ ምስጋናው ትንሽ ይተናነቀኛል። ባለቤቴ ቨርና ዓይኗ እየፈዘዘ፣ የቀዶ ሕክምና ወረፋ ስትጠብቅ ከርማ፣ በመጨረሻ ቀኗ ደረሰ። በዚያ ጠዋት ባትሪው ሞተ። ከታች ያለው ጎረቤታችን ሎርን ኬብሉን ይዞ እየሮጠ መጣልን። እርስዎም በቤት ጫማ ወጡ።

«አንሳ ያንን ኬብል! መኪናህን ባላስጎትት እኔ ግሌን አይደለሁም!»

«ሰውዬ፣ ሆስፒታል እኮ ነው የሚሄዱት! ሴትዮዋን አታያትም እንዴ?»

«አይቻታለሁ። ደንብ ደንብ ነው።»

ያለ መኪና ሥራ መሄድ የማይችለው ሎርን አንገቱን ደፍቶ ኬብሉን ጠቀለለ። ታክሲ መጥቶ ሆስፒታል ስንደርስ የቨርና ተራ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። አዲሱ ቀጠሮዋ ቅጠል ሲረግፍ ነው። እስከዚያ የልጅ ልጇን ፊት በጣቷ እየዳሰሰች ትለያለች። እጠላዎታለሁ፣ ክቡር ሊቀመንበር። በጨዋ ቋንቋ ልለው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይባላል። ዛሬ ጠዋት በሬን አንኳኩተው «ኦረስት፣ እባክህ፣ አንዴ ብቻ አስነሳልኝ! ማንም አያየንም» ሲሉኝ በጣም አፈርኩልዎ። ሊቀመንበር ደንብ እንዲጥስ ማን ይረዳዋል? ደውለው የጠሯቸው የመኪና ጥገና ሰዎች በብርዱ ምክንያት ሥራ በዝቶባቸው ወረፋ ውስጥ እንዳስገቡዎ ሰምቻለሁ። ወረፋ መጠበቅ ከከበደዎ ቨርናን ያማክሯት፤ ለምዳዋለች።

ለደንብ ያለዎትን ፍቅር ብርዱ እንዳያቀዘቅዝብዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ሙቅ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ እጅ የምነሳዎ፣

ታዛዥ ጎረቤትዎ
ኦረስት ፔትሪሺን

ማሳሰቢያ፦ ይህን ስጽፍ ቨርና የመኪናዎን ማቃሰት ሰማች። «ማነው ይሄ ምስኪን? ውጣና አስነሳለት እንጂ!» አለችኝ። እርስዎ መሆንዎን ነገርኳት። ጠረጴዛውን ዳስሳ የመኪናዬን ቁልፍ አቀበለችኝ። ከዚያ «ቢሆንም ሂድ» አለችኝ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ ቃሏን አፍርሼ አላውቅም ነበር። ዛሬ ግን አልሄድኩም።